«እንዳስፈላጊነቱ ይውሰዱ»፦ ሕመሙን መናገር የከበደው ትውልድ በክላፋም

ጋሼ ደቡብ ለንደን ክላፋም ውስጥ ይኖሩ ነበር። ከሰፊው የክላፋም ኮመን ሜዳ ጥቂት እልፍ ብሎ በሚገኝ የካውንስል ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ቤተሰባቸው አደራ ስላለኝ፣ ሁላችንም እንጠራቸው እንደነበረው «ጋሼ» እያልኩ ልቀጥል።

ታመው ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት ከአልጋቸው አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው ዳዊት ነው። ሁለተኛው ያልተከፈተ የሞርፊን ሽሮፕ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ከፋርማሲ ከመጣ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። የፕሮስቴት ካንሰሩ ወደ አጥንታቸው ተዛምቷል። ከጎን ወደ ጎን ለመገላበጥ ሲሞክሩ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጠው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ፊታቸው ላይ ላብ ችፍ ይላል። ጠርሙሱ ግን እንደታሸገ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው አልወሰዱትም?» አልኳቸው።

«ሲያስፈልግ ውሰድ ነው የተባልኩት» አሉ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። «ገና አላስፈለገም። እችለዋለሁ።»

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች አንዲት ቃል ነው። «እንዳስፈላጊነቱ»። የዚህ አገር ሐኪሞች ከላቲኑ «ፕሮ ሬ ናታ» ወስደው፣ «ፒ አር ኤን» በሚሉ ሦስት ፊደላት አሳጥረው በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ይጽፏታል። ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን ይህች ቃል አንድ ትልቅ ውሳኔ ከሐኪሙ እጅ አንሥታ ለታካሚው ታስረክባለች። መቼ እንደሚወሰድ የሚወስነው ታካሚው ራሱ ይሆናል። ሕመሙን መናገር ለለመደ ሰው ይህ ነፃነት ነው። ሕመሙን መዋጥ ለተማረ ሰው ግን «እስከ መጨረሻው ቻል» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ይሰማዋል።

ዝምታን የት ተማሩት?

ጋሼ ዝምታን የተማሩት ክላፋም አይደለም። በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ሳሉ ነው። የቀይ ሽብርን ዘመን ያየ ሰው ስለ «ወፌ ላላ» ማብራሪያ አያሻውም። ለወጣቱ አንባቢ ግን በአጭሩ ልናገር፦ እጅና እግርን አንድ ላይ ጠፍሮ፣ በጉልበት መታጠፊያ ሥር ዱላ አሳልፎ፣ ሰውን ዘቅዝቆ ሰቅሎ ውስጥ እግሩን መግረፍ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ «አመመኝ» ማለት የመሸነፍ መጀመሪያ ነበር። ከመሸነፍ ቀጥሎ የጓደኛ ስም ይመጣል። ስለዚህ የቻለ ሰው ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ጋሼ ዝም ካሉት አንዱ ነበሩ።

ውስጥ እግሩን የተገረፈ ሰው ከብዙ ዓመታት በኋላም የእግር ሕመምና የአረማመድ ችግር ሊከተለው እንደሚችል በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። በዚሁ በለንደን ሄለን ባምበር እ.ኤ.አ. በ1985 የመሠረተችውና ዛሬ «ፍሪደም ፍሮም ቶርቸር» የሚባለው ድርጅት ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ሲያክም ኖሯል። ጋሼ ግን ወደዚያ ሄደው አያውቁም። በክረምት ሲራመዱ ውስጥ እግራቸው እንደ እሳት እንደሚያቃጥላቸው ከአርባ ዓመት በላይ ለማንም ሐኪም አልተናገሩም።

ነገሩ የእስር ቤት ጉዳይ ብቻም አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብለን አድገናል። እናቶቻችን ምጥን በዝምታ ያሳለፈችን ሴት ሲያሞግሱ ሰምተናል። ሐኪሙ «እንደምን ነዎት?» ሲል እኛ የምንመልሰው ሰላምታ ነው፤ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። እሱ ግን መልስ መስሎት «ታካሚው ደኅና ነው» ብሎ ይጽፋል። እኛ ጨዋነታችንን አሳየን፣ እሱም መዝገቡን ዘጋ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት የሠራ ሕዝብ፣ በሽታውን በመደበቅ የሚኮራ ሕዝብ መሆኑ ይገርማል።

ወተት ሳይገነፍል

መጠበቅ ለምን ይጎዳል? ከምድጃ ላይ ወተት የሚነሣው ሳይገነፍል ነው። ከገነፈለ በኋላ ምድጃውም ወተቱም ይበላሻል። ሕመምም እንዲሁ ነው። በአፍ የሚወሰድ የሞርፊን ሽሮፕ ሥራውን ለመጀመር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የሚያገለግለውም ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ሕመሙ ጫፍ እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ያን ግማሽ ሰዓት በጣር ያሳልፈዋል። ጡንቻው ይኮማተራል፣ እንቅልፉ ይጠፋል፣ ፍርሃት ይጨመራል። ያኔ ቀድሞ ይበቃ የነበረው መጠን አልበቃ ሊል ይችላል።

በካንሰር ሕመም ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይታዘዛል። አንደኛው ቢያምም ባያምም በሰዓቱ የሚወሰድ፣ ቀስ እያለ ለ12 ሰዓት የሚሠራ ክኒን ነው። ሁለተኛው በመሐል ድንገት ብቅ ለሚል ሕመም የሚሆነው፣ ቶሎ የሚሠራው «እንዳስፈላጊነቱ» ነው። ይህ ተጨማሪ መጠን እንደ ልማዱ የቀኑ ድምር አንድ አሥረኛ እስከ አንድ ስድስተኛ ይሆናል። ለምሳሌ ጠዋት 30፣ ማታ 30 ሚሊግራም ሞርፊን የሚወስድ ሰው የቀኑ ድምር 60 ነው፤ ተጨማሪው ከ6 እስከ 10 ሚሊግራም ይሆናል ማለት ነው። ይህን የጻፍኩት አሠራሩን ለማስረዳት እንጂ ማንም ራሱን እንዲያክምበት አይደለም። የየሰዉ መጠን በኩላሊቱ፣ በዕድሜውና በሌሎች መድኃኒቶቹ ይለያያል።

የክላፋሙ ቤት

የሚገርመው ጋሼ ጠርሙሱን አሽገው የተኙበት ሰፈር፣ ይህ ዕውቀት ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ መሆኑ ነው። ከክላፋም ኮመን ሜዳ በስተሰሜን በኩል ዛሬ «ሮያል ትሪኒቲ ሆስፒስ» የሚባለው ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1891 የሆር የባንክ ባለቤቶች ቤተሰብ አስተባብሮ ያቋቋመው ሲሆን፣ የመጀመሪያ ስሙ «የእግዚአብሔር ማረፊያ» እንደ ማለት ነበር። በብሪታንያ ካሉት ሆስፒሶች ሁሉ አንጋፋው ነው። የተከፈተው መሞቻ ቦታ ላጡ ድሆች ነበር።

በዚያ ዘመን ማረፊያና ጸሎት ነበረ፤ ሕመምን የመቆጣጠር ጥበቡ ግን ገና ነበር። ለውጡን ያመጣችው ሲስሊ ሳውንደርስ ናት። በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም የሆነች ሴት ናት። በ1940ዎቹ መጨረሻ በምዕራብ ለንደን ሴንት ሉክስ በሚባል ቤት በበጎ ፈቃድ ስታገለግል፣ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ ሳይመለስ ሲሰጥ አየች። በብዙ ሆስፒታሎች ግን ሕመምተኛው እስኪጮህና እስኪለምን ይጠበቅ ነበር። ሳውንደርስ ሕመምተኛ ማስታገሻውን በልመና ማግኘት የለበትም ብላ ተነሣች። እ.ኤ.አ. በ1967 በዚሁ በደቡብ ለንደን፣ ሲደንሃም ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። ትምህርቱም ከዚያ ወደ ዓለም ተሠራጨ።

ሳውንደርስ «ጠቅላላ ሕመም» የምትለው ነገር ነበራት። ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የልብ፣ የቤተሰብ፣ የገንዘብ፣ የነፍስም ጭምር ነው ማለቷ ነው። ስደተኛ ሲሆን ደግሞ በዚህ ላይ አገር ይጨመራል። ጋሼን ሌሊት የሚያነቃቸው አጥንታቸው ብቻ እንዳልነበር እኔ ምስክር ነኝ።

ደብተሩ

የጋሼ ጠርሙስ የተከፈተው አንዲት ነርስ ከአስተርጓሚ ጋር ቤታቸው የመጣች ዕለት ነው። ከዚያ በፊት መድኃኒቱን ሲቀበሉ ያስተረጎመላቸው የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። አያት በልጅ ልጁ ፊት «አመመኝ፣ ሽንት ቤት መሄድ አቃተኝ» ሊል ነው? የማይሆን ነገር ነው።

ነርሷም በመጀመሪያ «ከዜሮ እስከ አሥር ሕመምዎ ስንት ነው?» ስትል ጠየቀች። «ሦስት» አሉ። ላባቸውን አይታ ጥያቄውን ቀየረችው። «ሕመሙ ምን ከለከለዎት?» አለች። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና ወደ ጠረጴዛው አመለከቱ። «ዳዊት። ተቀምጬ ዳዊት መድገም ካቃተኝ ሦስት ሳምንቴ ነው።» ነርሷ የፈለገችውን መልስ አገኘች። የሕክምናው ግብ ዳዊት ሆነ።

ከዚያም አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ተገዛ። በየገጹ አራት ዓምድ ተሰመረ፦ ሰዓቱ፣ ያመማቸው ቦታና ምን ሲያደርጉ እንደጀመራቸው፣ የወሰዱት መጠን፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የነበረው ሁኔታ። ገላ መታጠብ ወይም ደረጃ መውረድ ሲኖር ሕመሙ እንደሚመጣ ስለሚታወቅ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቀድመው እንዲወስዱ ተነገራቸው። ከሞርፊኑ ጋር የሆድ ድርቀት መከላከያም ተሰጣቸው፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በዚህ ችግር ምክንያት ነውና።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሚያስቅ ነገር ገጠመ። ጋሼ ሰዓት የሚጽፉት በአገራችን አቆጣጠር ነው። «2 ሰዓት» ብለው የጻፉትን ነርሷ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ሰዓት አድርጋ አነበበችው፤ ለእሳቸው ግን የራት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ልዩነት! ሌሊቱን ሙሉ ሲወስዱ ያደሩ መስሏት ደንግጣ ነበር። በማግሥቱ በአንድ ሰዓት አቆጣጠር ተስማሙ። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ቀላል አይደለም። የመድኃኒት ማስታወሻ የሚይዝ ቤተሰብ ሁሉ በየትኛው ሰዓት እንደሚጽፍ ከገጹ አናት ላይ ያስፍር።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም ሰጠ። በአንዳንድ ቀን አራትና አምስት ጊዜ ሽሮፕ መውሰዳቸው ሲታይ፣ በሰዓቱ የሚወሰደው ክኒን መጠን እንደማይበቃ ታወቀና ሐኪሙ አስተካከለው። ተጨማሪውን ደጋግሞ መውሰድ የደካማነት ምልክት አይደለም፤ ለሐኪሙ የሚደርስ መልእክት ነው። ያልተወሰደና ያልተጻፈ መጠን ግን ምንም አይናገርም።

አንድ ቀን ደብተሩን ሲሞሉ ደረስኩባቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አየህ ልጄ፣ ለመርማሪ ያልሰጠሁትን ቃል ለነርስ ሰጠሁ» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ በባቡሩ ውስጥ ሳስበው መጣሁ።

ሌላው ጠርዝ

ይህን ስል ማስታገሻን እንደ ቆሎ እንቆርጥም ማለቴ አይደለም። በተቃራኒው በኩል የወደቁም አሉ። ሌሊት ቢሮ ስታጸዳ የምታድር አንዲት እኅታችን ለወገብ ሕመሟ ፓራሲታሞል ትውጣለች፤ ሐኪም ያዘዘላትን ኮ-ኮዳሞልም ትጨምራለች፤ ጉንፋን ሲይዛት ደግሞ በሙቅ ውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ትጠጣለች። ሦስቱም ውስጥ ፓራሲታሞል እንዳለ አታውቅም ነበር። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከባለ 500 ሚሊግራሙ ከስምንት ክኒን ማለፍ አይፈቀድም፤ ክብደቱ ለቀነሰ ወይም ጉበቱ ለታመመ ሰው ከዚያም ያንሳል። ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበትን ይገድላል። ክፋቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ብዙም ምልክት ላያሳይ ይችላል። በብሪታንያ ከ1998 ጀምሮ በአንድ ጥቅል የሚሸጠው ቁጥር የተገደበው በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ በተለይ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ነገር አለ፤ ብዙዎቻችን አልሰማነውም። ኮ-ኮዳሞል ውስጥ ያለው ኮዴይን ራሱ ብዙም አያስታግስም፤ ጉበታችን ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ኢንዛይም ዘረ መል ተደራርቦ ይዘውት ተገኝተዋል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። በቀላል አማርኛ፣ ከአሥር ኢትዮጵያውያን የሦስቱ ያህል ጉበት ኮዴይንን በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ሊለውጥ ይችላል። ለጎረቤቱ እንግሊዛዊ የሚስማማው መጠን ለእሱ ሊበዛበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓና የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችና ለሚያጠቡ እናቶች ኮዴይን እንዳይሰጥ ሲወስኑ ይህንኑ የኢንዛይም ልዩነት ምክንያት አድርገዋል። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም በኩል ያልፋል።

ስለዚህ ኮዴይን ወይም ትራማዶል ሲታዘዝልዎ «ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ይህ መድኃኒት በእኛ ላይ ሊበረታ ይችላል ይባላል» ብለው ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከወሰዱ በኋላ ከባድ ድብታ፣ መደናገር ወይም የትንፋሽ መዘግየት ከመጣ ተጨማሪ መውሰድ ክልክል ነው፤ 999 ይደወላል። «ለእኔ ረድቶኛል፣ አንቺም ሞክሪው» ብሎ ክኒን መካፈልም ይቅርብን። እንጀራ እንካፈል፣ ማስታገሻ አንካፈል።

ብዙዎች ሱስን ይፈራሉ። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ አሜሪካ ያለቀባትን ሕዝብ አይተናል። ነገር ግን ሁለቱን አንደባልቅ። ለቆየ የወገብ ሕመም ለዓመታት ኦፒዮይድ መዋጥ ሐኪሞችም ዛሬ የሚሸሹት ነገር ነው። በካንሰር ለሚሠቃይ ሰው በክትትል የሚሰጥ ሞርፊን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ የሱስ ፍርሃት ሰውን በከንቱ ያሠቃያል።

ጾሙም አለ። ጋሼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ይቆዩ ነበር፤ የጠዋቱም ክኒን አብሮ ይጾማል። የንስሐ አባታቸው መጥተው «ለሕመምተኛ መድኃኒት ጾም አይሽርም» ካሏቸው በኋላ ነው ነገሩ የተስተካከለው። ሙስሊም ወገኖቻችንም በረመዳን ይህንኑ ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር ቢመክሩ መልካም ነው። አስተርጓሚ መጠየቅም መብት ነው፤ በኤን ኤች ኤስ አገልግሎቱ ለታካሚው በነፃ ነው። ልጆቻችንን ከዚህ ሸክም እናሳርፋቸው።

አገር ቤትስ?

ጋሼ ሕመሙ ጋብ ባለላቸው አንድ ከሰዓት በኋላ የጠየቁኝ ጥያቄ ነበር። «እኔ ጠርሙስ ታቅፌ አልጠጣም ብዬ ስኮራ፣ እዚያ ጥቁር አንበሳ በር ላይ ያለው ሰውስ?»

መልሱ ያሳፍራል። የ«ላንሴት» የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚሠራጨው 298.5 ቶን በሞርፊን የተሰላ ማስታገሻ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች በሙሉ የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። መቶ ኪሎ! ሞርፊን ራሱ ውድ መድኃኒት አይደለም። የሚጎድለው ሥልጠና፣ ሥርጭትና «ሱስ ያስይዛል» ከሚል ፍርሃት የተላቀቀ ሕግና አስተዳደር ነው። በዓለም የአደንዛዥ ዕፆችን ጉዳይ የሚገዛው የ1961ዱ ስምምነት ራሱ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ እንደሆኑ በመግቢያው ላይ ይመሰክራል።

በአገራችን ሥራው ጨርሶ አልተጀመረም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ተመሥርቶ ሕመምተኞችን በየቤታቸው ይጎበኛል። ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል በነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሕመምን ለማስታገስ የሚጥሩ ሐኪሞችና ነርሶች አሉ። ጥረታቸው ከሸክሙ ጋር አይመጣጠንም እንጂ።

በተባበሩት መንግሥታት የሥቃይ ጉዳዮች ልዩ መርማሪ የነበሩት ማንፍሬድ ኖቫክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባቀረቡት ሪፖርት፣ ማስታገሻ ተነፍጎ በከባድ ሕመም እንዲሠቃይ የሚተው ሰው ጭካኔ የተሞላበትና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝ ተፈጽሞበታል የሚል አቋም ወስደዋል። ስለ ሰብአዊ መብት ሌት ተቀን የምንጽፍና የምንሰለፍ ሰዎች ይህን ሐረግ ልብ ልንለው ይገባል። ስለ እስር ቤቱ ጩኸት ስንጮህ ኖረናል። በየጎጆው ማስታገሻ አጥቶ ስለሚያቃስተው ካንሰር ሕመምተኛስ ማን ጮኸ? ጥያቄው ከየትኛውም ወገን ይሁን አገር ለሚያስተዳድር ሁሉ የሚቀርብ ነው። በግል ሻንጣ ሞርፊን መላክ ሕገ ወጥም አደገኛም ነው፤ ሥራውን በግልጽ ለሚሠሩ ድርጅቶች መርዳት ግን ይቻላል።

ጋሼ በጥር ወር አንድ ማለዳ፣ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ ቤተሰባቸው ከቧቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ሳምንት ነርሷ እንደ ልማዷ ቁጥሩን ጠየቀቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ «ሰባት» አሉ፣ ያለ ኀፍረት፣ ዓይኗን እያዩ። መድኃኒቱ ተሰጣቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትራስ አስደግፈናቸው ተቀምጠው ዳዊታቸውን ገለጡ።

ደብተሩ ዛሬ በልጃቸው እጅ ይገኛል። የመጨረሻው ገጽ አራተኛ ዓምድ ላይ፣ «ከግማሽ ሰዓት በኋላ» ከሚለው ሥር፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈች አንዲት ቃል አለች፦ «ዐረፍኩ።»

ወላጅ፣ ጎረቤት ወይም የትግል ጓድ የታመመበት አንባቢ ካለ፣ ዛሬውኑ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠርሙስ ይመልከት። ታሽጎ እንደሆነ «እንደምን ነዎት?» ብሎ አይመለስ። «ሕመሙ ምን ከለከለዎት?» ብሎ ይጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።